ሌሊቱ የሚሠራው በቀን ነው፦ የአንድ የቴሌስኮፕ ሌሊት እንዴት ይታቀዳል?

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። ስለ ኮከብ ነው። «አሁን ኮከብ ለኛ ምን ይሠራልናል?» የምትሉ ካላችሁ እሺ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

እዚህ ካኩማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አለን። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀውም ከመጽሐፍና ከስልክ የለቀምኩትን ነው። ክበቡን ስንጀምር ያሰብኩት ማታ ማታ ተሰብስበን ሰማይ ማየት ነበር። መብራት ስለሌለ ሰማያችን ድፍን ጥቁር ነው፣ ኮከቡ ደግሞ እንደ ጤፍ የተበተነ። በመጀመሪያው ምሽት 14 ልጆች መጡ። አንዲትም ሴት ልጅ አልነበረችም። በማግስቱ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ የሆነችውን ተማሪዬን «ምነው ቀረሽ?» አልኳት። «ቲቸር፣ እናቴ ከመሸ ከበር አታስወጣኝም» አለችኝ። እናቷ ልክ ናቸው። መንገዱን እኔም አውቀዋለሁ።

ክበቡን ልተወው ነበር። ከዚያ ግን አንድ ቀን ኔትወርክ ሲመጣ፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ተራ ሲያገኙ እንዴት እንደሚዘጋጁ ማንበብ ጀመርኩ። የገረመኝ ነገር፣ የሥራው ትልቁ ክፍል ሌሊት አይደለም የሚሠራው። ከወራት በፊት፣ በቀን፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀትና በማካፈል ነው። ሌሊቱ ሲመጣ ሰውየው የሚያደርገው ወረቀቱ ላይ የጻፈውን መፈጸም ነው። «በቃ እኛም ዕቅዱን እንሥራ» አልን።

በመጀመሪያ ስለየትኛው ሥራ እንደማወራ ላስረዳ። ቴሌስኮፕ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ፎቶ ነው። ሌላም ሥራ አለው፤ የኮከቡን ብርሃን ወደ ቀለማቱ ዘርግቶ ማንበብ። አሮጌ ሲዲ ካላችሁ ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብላችሁ እዩት፤ ቀስተ ደመና ታያላችሁ። ሲዲው ላይ ያሉት እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ብርሃኑን ይበትኑታል። ስፔክትሮግራፍ የሚባለው መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ብርሃኑ በቀጭን ስንጥቅ ይገባል፣ በመስመር የተጫረ መስታወት ይበትነዋል፣ ካሜራ ይይዘዋል። የተዘረጋው ቀለም ስፔክትረም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1814 ፍራውንሆፈር የሚባል ጀርመናዊ የፀሐይን ስፔክትረም በጥንቃቄ ሲያይ በመሃል በመሃል ጥቁር መስመሮች አገኘ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ንጥረ ነገር ፊርማ ነው። ሂሊየም የሚባለው ጋዝ ምልክቱ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነበር፤ ምድር ላይ ተለይቶ የተገኘው ግን በ1895 ነው።

መስመሮቹ ፍጥነትም ይናገራሉ። ቦዳቦዳ ወደ እናንተ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፏችሁ ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ኮከቡ ወደኛ ሲመጣ መስመሩ ወደ ሰማያዊው፣ ሲርቅ ወደ ቀዩ ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ኮከባችን እንሂድ። የመረጥነው ስፓይካን ነው። በሚያዝያ ማታ ወደ ሰሜን ዞር ብላችሁ ጭልፋ የሚመስሉትን ሰባት ኮከቦች ፈልጉ። የጭልፋውን እጀታ ጥምዝ ተከትላችሁ ብትሄዱ መጀመሪያ ብርቱካናማ ደማቅ ኮከብ ታገኛላችሁ፣ እሱ አርክቱረስ ነው። ጥምዙን ቀጥሉ፣ ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ደማቅ ኮከብ ላይ ትደርሳላችሁ። ስፓይካ ያ ነው። 250 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በዓይን አንድ ነጥብ ይመስላል፣ ግን ሁለት ኮከቦች ናቸው፤ በጣም ተጠጋግተው አንዱ ሌላውን ይዞራሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1890 ያሳየው ፎግል የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን ያሳየውም በስፔክትረም ነው፤ መስመሮቹ ወዲያና ወዲህ ሲሉ አይቶ። አንድ ዙር የሚጨርሱት በ4.0145 ቀን ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ የክበባችን ግማሽ ጭቅጭቅ በሷ ላይ ነበር።

ቴሌስኮፕ ስንመርጥ አዲስ አበባ አናት ላይ፣ እንጦጦ፣ በ3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ብዙዎቹ አልሰሙም ነበር። ለልምምዳችን ግን ደቡብ አፍሪካ፣ ሰዘርላንድ ያለውን ባለ 1.9 ሜትሩን ወሰድን፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ስፔክትሮግራፍ እንዴት እንደሚሠራ ያነበብኩት ነገር ነበረኝ። ቦታው ከኬፕታውን 370 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ደረቅ ደጋ ነው። ቴሌስኮፑ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ የጀመረው ፕሪቶሪያ ነበር፤ የከተማው መብራት ሰማዩን ሲያበላሽበት በ1970ዎቹ ወደ ሰዘርላንድ ተዛወረ። አንዱ ልጅ «ታዲያ እሱም ተፈናቃይ ነዋ!» አለ፣ ሳቅን።

የዕቅዱ የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ኮከቡ መቼ ይታያል? ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፣ በወር ሁለት ሰዓት። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮከብ ወቅት አለው። ስፓይካ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 12 አካባቢ። በዚያ ወቅት ሰዘርላንድ ላይ ሰማዩ በደንብ የሚጨልመው፣ ማለትም ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ የምትወርደው፣ በነሱ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። መንጋት የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው። 10 ሰዓት ያህል ጨለማ አለን ማለት ነው።

ግን አሥሩም አይጠቅመንም። ኮከቡ ወደ አድማስ ሲጠጋ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ይወፍራል። አናታችን ላይ ያለው አየር 1 ቢባል፣ ኮከቡ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሲሆን 2 ይሆናል፣ እጥፍ። ከዚያ በታች ብርሃኑ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሰማያዊውና ቀዩ ቀለም ደግሞ ትንሽ ተለያይተው ይደርሳሉ። አየር ሰማያዊውን አብዝቶ ስለሚያጥፍ፣ ስንጥቁ በተሳሳተ አቅጣጫ ከቆመ ቀዩ ገብቶ ሰማያዊው ከውጭ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ስንጥቁን ቀለማቱ በተዘረጉበት አቅጣጫ ያዞረዋል። እኛ በሳይንና ኮሳይን አስልተን ስፓይካ ሰዘርላንድ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚቆየው 8 ሰዓት ያህል መሆኑን አገኘን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ።

እዚህ ጋ ነው ጉድ የወጣብን። እኛ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረን እንቆጥራለን፣ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። የቴሌስኮፕ ሰዎች ደግሞ ዩቲሲ በሚባል የጋራ ሰዓት ነው የሚጽፉት። አንዱ ቡድን «6 ሰዓት ላይ ስፓይካ» ብሎ ጻፈ፣ እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። ሌላው ቡድን ወረቀቱን ተቀብሎ ዩቲሲ ነው ብሎ አስገባው። 6 ሰዓት ዩቲሲ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፀሐይ ወጥታ ሰው ቁርስ የሚበላበት ሰዓት ነው! ስህተቱ የኔም ነበር፣ አላስጠነቀቅኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ሕግ ይኸውላችሁ፤ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ቀን ከሆነ 3 ደምሩ፣ ማታ ወይም ሌሊት ከሆነ 15 ደምሩ፣ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ፤ ዩቲሲ ታገኛላችሁ። የሌሊት 6 ሰዓት 21 ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ለነሱ ሌሊት 16 ነው የሚደመረው። ቪዛም ሆነ ኦንላይን ኢንተርቪው ላለው ሰው ይቺ ሕግ ሳትጠቅም አትቀርም፣ በዚች ስህተት ቀጠሮ ያለፈው ሰው አውቃለሁ።

የሥነ ፈለክ ሰዎች ሌላም ዘዴ አላቸው። ቀናቸው የሚቀየረው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ በዩቲሲ። ጁልያን ቀን ይሉታል፤ ወር የለው፣ ዓመት የለው፣ ዝም ብሎ የሚቆጠር ቁጥር ነው። በእኩለ ቀን እንዲጀምር የተደረገበት ጥቅም፣ የአውሮፓ ሰው አንድ ሌሊት ሲሠራ ቀኑ መሃል ላይ እንዳይቀየርበት ነው። በኛ አቆጣጠር ሲነጋ ነውና ቀኑ የሚለወጠው ልጆቹ «እና ምኑ ይገርማል?» አሉኝ።

አሁን ወደዚያች 4.0145 እንመለስ። ሁለቱ ኮከቦች ሲዞሩ ከኛ አንጻር ጎን ለጎን የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አንዱ ወደኛ እየመጣ ሌላው እየራቀ ነው፣ መስመሮቻቸው በጣም ይለያያሉ። ፊትና ኋላ ሲሆኑ ደግሞ ሁለቱም ወደ ጎን ነው የሚሄዱት፣ መስመሮቻቸው ይደራረባሉ፣ ሁለት መሆናቸው አይለይም። ትልቁ ኮከብ በከፍተኛው ጊዜ በሰከንድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይነጉዳል። በሂሊየም መስመር ላይ፣ 667.8 ናኖሜትር ላይ፣ ይህ ወደ 0.27 ናኖሜትር መንሸራተት ነው። ትንሽ ናት፣ ስለዚህ ብርሃኑን በሰፊው የሚዘረጋውን መስታወት መምረጥ ግድ ነው።

እንግዲህ ለአንድ ሌሊት ወራት ጠብቃችሁ፣ ደርሳችሁ፣ ሰማዩም ጠርቶላችሁ፣ ኮከቦቹ ግን ፊትና ኋላ ቢሆኑስ? ባዶ እጅ መመለስ ነው። ሌሊቱ አይተካም፤ በማግስቱ የሌላ ሰው ተራ ነው። ተራ ማለት ምን እንደሆነ ለናንተ አላስረዳም።

ወንዶቹ «ሁለት ሌሊት እንጠይቅ፣ በመሃል አራት ቀን እንረፍ» ብለው ጻፉ። ያቺ ልጅ ወረቀቱን አየችና «ቲቸር፣ በአራት ቀን የሚዞሩ ከሆነ በአራተኛው ቀን ብንመጣ እዚያው ቦታ አይደለም እንዴ የምናገኛቸው?» አለች። ትክክል። ልዩነቱ 0.0145 ቀን ብቻ ነው፣ 21 ደቂቃ። በየአራት ቀኑ እየመጣችሁ ዙሩን ሩብ ያህል ተቀይሮ ለማግኘት ዘጠኝ ወር ያህል መመላለስ አለባችሁ። «እሺ በሁለተኛው ቀን እንምጣ» አሉ። ያም ወጥመድ ነው፤ ግማሽ ዙር ስለሆነ የመጀመሪያው ሌሊት ፊትና ኋላ ከነበሩ ያኛውም ፊትና ኋላ ነው፣ ቦታ ተለዋውጠው።

መፍትሔው ተከታታይ ሌሊቶች ናቸው። በአንድ ቀን ዙሩ ሩብ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ፊትና ኋላ ከሆኑ ነገ ጎን ለጎን ናቸው። በመጥፎ ዕድል ሁለቱም ሌሊት መካከለኛ ቦታ ላይ ቢወድቁ እንኳ የትልቁ ኮከብ ፍጥነት በሰከንድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ይለካል። ልጅቷ ይህን ካሰላች በኋላ «ለደመና ሦስተኛ ሌሊት ጨምሩ» ብላ ጻፈች። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

አሁን የሚቀረው፣ በመጣንበት ሌሊት ኮከቦቹ የት እንደሚሆኑ ቀድሞ ማወቅ ነው። ሳይንቲስቶች ያሳተሙት መነሻ ጊዜ አለ፤ በጁልያን ቀን ተጽፎ። ያንን ከኛ ሌሊት ቀንሳችሁ ለ4.0145 ታካፍላላችሁ፤ ሙሉ ቁጥሩን ጣሉት፣ የቀረው ክፍልፋይ ዙሩ የት እንደደረሰ ይነግራችኋል። ክፍል ውስጥ ነጥብ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች «ምን ያደርጋሉ?» እያሉ ለሚቆርጡ ተማሪዎች ይቺን ምሳሌ ሰጠኋቸው። 2500 ቀን አለፈ እንበል። ለ4 ብታካፍሉ 625 ዙር፣ ድፍን፣ ምንም ትርፍ የለም። ለ4.0145 ብታካፍሉ 622 ዙርና 0.74 ነው። ዜሮና 0.74! ሩብ ዙር ያህል መሳሳት ነው፤ ጎን ለጎን ናቸው ብላችሁ ስትሄዱ ፊትና ኋላ ታገኟቸዋላችሁ።

ጨረቃንስ? ለደብዛዛ ጋላክሲ ጨረቃ ጠላት ናት፤ ብርሃኗ የፀሐይ ነጸብራቅ ስለሆነ የፀሐይ መስመሮች በናንተ ስፔክትረም ላይ ይታተማሉ። ስለዚህ ጨለማዎቹ ሌሊቶች ለደብዛዛዎቹ ይሰጣሉ፣ ጨረቃ ያለባቸው ለደማቆቹ። ስፓይካ ደማቅ ነውና የጨረቃ ሌሊት ይበቃዋል። ግን ስፓይካ በጨረቃ መንገድ አጠገብ ስለሆነ በየወሩ ታልፍበታለች፤ በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በፊት የምትሞላዋ ጨረቃ ከሱ ብዙም አትርቅም። በጣም የምትጠጋበትን ሌሊት መዝለል ይሻላል።

ካሜራው ስንት ጊዜ ይከፈት የሚለው ለስፓይካ የተገላቢጦሽ ችግር ነው። ብርሃኑ በዝቶ ካሜራው እንደ ጀሪካን ሞልቶ እንዳይፈስ በአጭር በአጭሩ ነው የሚነሳው። ደብዛዛ ኮከብ ቢሆን ግን ሌላ ሒሳብ አለ፤ የስፔክትረሙን ጥራት እጥፍ ለማድረግ ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። አንድ ሰዓትም ቢያስፈልግ በአንድ ጊዜ አይነሳም፤ ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች ካሜራውን መትተው ነጭ ነጥብ ይተዋሉ፣ ሦስቱ ሲነጻጸሩ የውሸቱ ነጥብ ይታወቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመለኪያ መብራቱን ነው። ካሜራው ላይ ያለ አንድ ነጥብ ስንት ናኖሜትር እንደሆነ በራሱ አይታወቅም። ስለዚህ መስመሮቹ ቀድመው የታወቁ መብራት፣ ሰዘርላንድ ላይ መዳብና አርጎን ያለበት፣ ይበራና ይነሳል። ከምሽቱ አንዴ ብቻ ማንሳት አይበቃም፤ ቴሌስኮፑ ሲዞር መሣሪያው በራሱ ክብደት በጥቂቱ ይጎብጣል፣ መስመሩም አብሮ ይንሸራተታል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ያቺኑ ትንሽ መንሸራተት ነው! ስለዚህ ከኮከቡ በፊትም በኋላም፣ ቴሌስኮፑ እዚያው እንደቆመ ይነሳል። ሌሎቹ መለኪያዎች፣ ካሜራው ሳይከፈት የሚነሳውና ወጥ ብርሃን ላይ የሚነሳው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማለቅ አለባቸው። በመጨረሻም ምድር ራሷ በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ስለምትሮጥ የኛ ሩጫ ከውጤቱ ይቀነሳል።

እዚያው ሰዘርላንድ ውስጥ ሳልት የሚባል ሌላ ግዙፍ ቴሌስኮፕ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረቀ፣ 91 ባለ ስድስት ማዕዘን መስታወቶች ያሉት። ከአናት 37 ዲግሪ አዘንብሎ ተተክሏል፣ ወደ ላይና ወደ ታች አይልም፣ ዙሪያውን ብቻ ነው የሚዞረው። ኮከቡ ቴሌስኮፑ በሚያይበት ቀለበት ውስጥ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ዕቅድ የሌለው ሰው እዚያ ምንም አያገኝም። ለልጆቹ ስነግራቸው በጣም ያነቃቸው ግን ይህ አልነበረም። ሳልት ላይ ተራ ያገኘው ሳይንቲስት እዚያ አይሄድም። ዕቅዱን ልኮ ቤቱ ይተኛል፤ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ሰማዩ ሲመች ይፈጽሙለታል። ያቺ ልጅ ሁለቴ አስደገመችኝ፤ «ማለት ቲቸር፣ ሌሊት አይወጣም?»

አይወጣም። አሁን ክበቡ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ከ19ኙ ልጆች 11ዱ ሴቶች ናቸው። የሚያስፈልገን ወረቀት፣ ካልኩሌተርና ስቴላሪየም የሚባል ነፃ የስልክ አፕ ነው። የስፓይካን ዕቅድ ጨርሰን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ ሦስት ሌሊት፣ በዩቲሲ፣ ከነመብራቱ። ባለፈው ሳምንት የልጅቷ እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ወረቀቱን ቆመው ሲያዩ አገኘኋቸው። «መምህር፣ ይሄ ሁሉ በቀን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ 10 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን» አልኳቸው።